የሐዘን ጸጉሬን ለላቦራቶሪ ለፈለጉት ዳይሬክተር

ለክቡር አቶ ምናሴ ይትባረክ
የደንገል ብስኩትና ፓስታ ፋብሪካ የሰው ሀብት አስተዳደር ዳይሬክተር
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ኩላሊትዎንና ፊኛዎን ክፉ እንዳይነካብኝ፣ ከጆሮዎ በላይ ዙሪያውን የቀረልዎ ጸጉርም በያለበት እንዲጸናልኝ ዘወትር እጸልያለሁ። ስለ ሰውነትዎ በዚህ ዝርዝር መጠየቄን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ እርስዎ ስለ እኔ ሽንትና ጸጉር ከተጨነቁት አንጻር የእኔ ገና ሰላምታ ነው።

ከሥራዎ ብዛት የተነሣ ረስተውኝ ከሆነ፣ እኔ ሰገነት ነኝ፤ በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ይዤ በፋብሪካዎ ማሸጊያ ክፍል የብስኩት ካርቶን ስዘጋ የኖርሁ፣ የጭነት መኪናዎን ይዞ ከጎንደር ሲመለስ ማክሰኝት አጠገብ ከመንገድ ወጥቶ የሞተው የሾፌርዎ የአገኘሁ ሚስት። ባለፈው ሳምንት በፋብሪካው በር ላይ ባለው ሰሌዳ ባስለጠፉት ማስታወቂያ፣ «የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ማስረጃ ለማጥፋት ሆን ብላ ጸጉሯን በመላጨቷ» ከሥራ መሰናበቴን ለእኔም፣ ለባልደረቦቼም፣ በበሩ ለሚያልፈው የባጃጅ ተሳፋሪም አሳውቀዋል። ስለ ጽሑፉ ግልጽነት አመሰግናለሁ። እኔም ለግልጽ ነገር ግልጽ መልስ ይገባዋል ብዬ ይህን በአደባባይ ጽፌያለሁ፤ በቢሮዎ በኩል ያላስገባሁት የጸሐፊዎ መሳቢያ በቀደሙት አቤቱታዎቼ ስለሞላ ነው። የጻፍሁትም ሥራዬን ለመለመን አይደለም፤ በእኔ ራስ አሳበው በሞተው ባሌ ስም ላይ የለጠፉትን ነገር እንዲያነሡልኝ ነው።

ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩. በመጀመሪያ ላመሰግንዎ የምወደው ምርመራውን ስለጀመሩበት ወቅት ነው። ባለቤቴ በመጨረሻዎቹ ወራት ጎንደር ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ጎኑን ሳያሳርፍ እንደገና እየተጫነለት ይላክ ስለነበር፣ ረዳት ሾፌር እንዲሰጠው ቢሮዎ ድረስ መጥቶ በትሕትና ለምኖዎት ነበር፤ እርስዎም ጥያቄው በጥናት ላይ መሆኑን ገልጸውለታል። አገኘሁን በመንገዱ ላይ ያሉት የሐሙሲት ሻይ ቤቶች ሁሉ ያውቁታል፤ ዓይኑን ለመግለጥ ያህል መራራ ሻይ ቆሞ ጠጥቶ የሚሄድ፣ ሲጋራ እንኳ የማያጨስ ሰው ነበር። ጥናትዎ ሳያልቅ እሱ አለቀ። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ደግሞ ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስበው፣ የአደጋ ሁሉ እናት ሱስ እንደሆነች፣ ከእንግዲህም የእያንዳንዱ ሠራተኛ ሽንትና ጸጉር እንደሚመረመር አበሠሩ። እኔ ለቅሶ ላይ ስለነበርሁ ንግግርዎ አመለጠኝ፤ የነበሩት እንደነገሩኝ ግን የባሌን ስም አልጠሩም፣ «የቅርቡ ትምህርት» ብለው ብቻ አለፉት። ጨዋ ነዎት።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ተረት እርስዎ ዘንድ መመሪያ ሆኖ ወጣ። የጉዞ ፕሮግራሙን የሚያወጡት የበላይዎ ናቸው፣ እሳቸውን መጠየቅ ያስፈራል፤ የሠራተኛ ሽንት ግን ማንንም አያስፈራም። ካስመጧቸው የሽንት መመርመሪያ ስትሪፖች መካከል ካናቢስን የሚያይ አለ፣ ኮኬይንን የሚያይ አለ፣ ሰው ስንት ቀን እንዳልተኛ የሚያይ ግን አንድም የለም። በዚህ መንገድ ላይ ሾፌር ለመንቃት ይወስደዋል ተብሎ የሚታማውን ጫት እንኳ አይለይም። ኮኬይን በማክሰኝት ገበያ ከሽንብራ ጎን ተሰጥቶ ቢሸጥ ኖሮ ግን አያመልጥዎትም ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ለካ እንዲህ በጀት ተይዞለት ይሠራል።

፪. ቀጥሎ የሽንት ምርመራውን አሠራር ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ሰው ሽንቱን በውኃ እንዳያቀጥን የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ይዘጋል፣ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውኃ ሰማያዊ ቀለም ይጨመርበታል፣ በብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ሙቀት መለኪያም ሽንቱ ከሰውነት እንጂ ከኪስ አለመውጣቱን ይመሰክራል። ቧንቧውን የመዝጋት ድካም አልደረሰብዎትም፤ ውኃው በራሱ ፈቃድ ከጠፋ ሰንብቷል። ሙቀት መለኪያውም ቢሆን የባሕር ዳርን ሚያዝያ ያየ አይመስለኝም፤ በቢሮዎ መስኮት ላይ የተቀመጠ የትኛውም ፈሳሽ እስከ ቀትር ድረስ ሰው ይሆናል።

በፋብሪካው ታሪክ ሲነገር የሚኖረው ግን የፎርክሊፍት ሠራተኛው የኡበይዳ ነገር ነው። በዚህ ስትሪፕ ላይ ሁለት መስመር ከወጣ ሰውዬው ንጹሕ ነው፤ የሚጠረጠረው አንዱ መስመር ሲጠፋ ነው። እርስዎ ግን ከቤትዎ በለመዱት የእርግዝና መመርመሪያ ተመርተው፣ ሁለት መስመር ሲያዩ ነገር ተገኘ ብለው ኡበይዳን ከፎርክሊፍቱ አስወረዱት፣ በሕይወቱ ከሻይ የጠነከረ ነገር ያልቀመሰውን ያን ጾመኛና ሰጋጅ ሰው በጥበቃ አሳጅበው ከግቢ አስወጡት። የክሊኒካችን ነርስ ሰዓዲያ ከማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብባ ባታቀናዎት ኖሮ ይሄኔ ኡበይዳ በወሊድ ፈቃድ ላይ ነበር። እርስዎ ይቅርታ አልጠየቁትም፤ ባልደረቦቹ ግን የሕፃን ልብስ እንግዛልህ ወይ እያሉ እስከ ዛሬ ያሾፉበታል። ከምርመራው የተገኘ ብቸኛ ውጤት ይህ ሳቅ ስለሆነ በሪፖርትዎ እንዲካተት በአክብሮት አሳስባለሁ።

፫. ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ራሴ ሽንት ነው። አርባው ወጥቶ ሥራ ስገባ ሐዘኑ ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ እህል አልረጋልኝ ብሎ ነበርና፣ እናቴ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ጸበል በጀሪካን እያስቀዳችልኝ በየማለዳው ምንም ሳልቀምስ በጆግ እጠጣ ነበር። ጸበል የጠጣ ሁሉ እንደሚያውቀው ነገሩ ከንፈር አርጥቦ የሚተው አይደለም፤ ሆድ በቃኝ እስኪል ነው። እንዲህ ስለሆነ በብልቃጥዎ ውስጥ የገባው ሽንት እንደ ጸበሉ ጥርት ያለ ነበር፤ እርስዎም «ሆን ተብሎ የቀጠነ» ብለው መዘገቡልኝ። ጸበል ላይ መሆኔን ስገልጽልዎ መጠጣቴን የሚያረጋግጥ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከደብሩ እንዳመጣ ጠየቁኝ። ክቡር ሆይ፣ ጸበል ስንት ዘመን አጋንንት ሲያስጮህ ማንም ማኅተም ጠይቆት አያውቅም፤ የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት።

ሰዓዲያ እንዳስረዳችን የቀጠነ ሽንት ጥፋት አይደለም፤ ሌላ ቀን ውኃ ሳይበዛበት እንደገና ይሰጣል። ስትሪፑ ቢጠራጠር እንኳ የስትሪፕ ጥርጣሬ ፍርድ ስላልሆነ፣ በላቦራቶሪው ትልቅ መሣሪያ ሳይረጋገጥና የወሰዱት መድኃኒት አለ ወይ ተብሎ ሳይጠየቅ ማንም ሱሰኛ አይባልም። የሳል ሽሮፕ የጠጣም ሰው ሊጠረጠር ይችላልና። እኔም እንደገና ልስጥ ብዬ ለመንሁ፤ ጊዜ የለንም አሉኝ። በራሴ ፋርማሲ ሄጄ ያንኑ ስትሪፕ ገዛሁ፣ አልበቃ ብሎኝ በግል ላቦራቶሪ ተመርምሬ ንጹሕ የሚል ውጤት ይዤልዎ መጣሁ፤ ሽንቱ የአንቺ ለመሆኑ ማን አየ ብለው መለሱት። በዚህስ ልክ ነዎት። ግለሰብ በቤቱ ቢመረምር ለራሱ ይወቀው እንጂ ለአሠሪ ማስረጃ አይሆንም፤ ናሙና ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሰጪውም ተቀባዩም እየፈረሙ መሆን አለበት። ከመላው ዘመቻዎ ልክ የሆኑበት ይህ አንድ ነገር ስለሆነ፣ አድላዊ እንዳልባል ጠቅሼዋለሁ።

፬. ሽንቴ ካልታመነ ጸጉሬ ይናገር ተባለ። በመመሪያዎ ላይ እንደተጻፈው ጸጉር ከሽንት የበለጠ አስታዋሽ ነው። ሽንት የሰሞኑን ብቻ ያወራል፤ በወር አንድ ሳንቲሜትር ያህል የሚያድገው ጸጉር ግን በደም ውስጥ ያለፈውን ከሥሩ ይዞ ይወጣል፣ ቢያጥቡትም ቶሎ አይለቅም፤ ከራስ ቆዳ ተጠግቶ የተቆረጠ የእርሳስ ውፍረት ያለው ጉንጉን የሦስት ወር ታሪክ ይናገራል። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ እኔ ጋ ግን ጉንጉኑ አልነበረም። ከጥቁሩ ሻሽ ሥር ያለው ራሴ ባሏ የሞተባት ሴት የተላጨ ራስ ነበር።

ሻሹን እንድፈታ በአዳራሹ ውስጥ በወንዶች ፊት አዘዙኝ። ፈታሁት። እርስዎም ከወንበርዎ ተነሥተው በኋላዬ ዞረው፣ ፍራሽ ላይ ቁንጫ እንደሚፈልግ ሰው ጎንበስ ብለው አዩኝ። በዚያች ሰዓት አፈርሁ፤ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ማፈሬ ራሱ አናደደኝ። ከዚያም የራስ ጸጉር ሲታጣ ከብብት ወይም ከሌላ የሰውነት ክፍል መውሰድ እንደሚቻል በጥሩ አማርኛ ገለጹልኝ። በልብሴ ውስጥ ያለው ጸጉር የፋብሪካው ንብረት አይደለም ብዬ እምቢ ስል፣ እምቢታዬ ራሱ ዕፅ እንደ መገኘት እንደሚቆጠር አስታወቁኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። እናቴ ይህን ስነግራት ቅኔ አልተቀኘችም፤ «ይኸ ሰውዬ ምን ቢጎድልበት ነው ልጄ፣ ከሐዘንተኛ ብብት ጸጉር የሚለምን?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። መልሱን ስላላወቅሁት ጥያቄዋን እንዳለ ወደ እርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

እስኪያድግ መጠበቅ ይቻል ነበር፤ አሁን እንኳ የሁለት ፎገራ ሩዝ ፍሬ ያህል ሆኗል። ደግሞስ እኔ በሥራ ላይ የምይዘው አደገኛ መሣሪያ የፕላስተር መቁረጫ ነው፤ በዕፅ ብሰክር እንኳ የሚደርሰው ጥፋት የአንድ ካርቶን መጣመም ነበር። አስተዳደሩ ከምርመራው ነጻ መሆኑን የሚገልጸውን አንቀጽም አንብቤ ተጽናንቻለሁ። ባይሆን ኖሮ፣ ባዶ ራስ ማስረጃ ማጥፋት ከተባለ፣ ግንባርዎ ማጅራትዎ ድረስ የዘለቀው እርስዎ ምን ይውጥዎ ነበር?

፭. አምስተኛው አጭር ነው። ያንን ማስታወቂያ የፈረመው እጅ ከእኛ ድንኳን ንፍሮ የዘገነ እጅ ነው። በፋብሪካው መኪና መጥተው፣ ከፊቴ ተቀምጠው፣ ነጠላዬ ከራሴ ላይ ወርዶ የተላጨ ራሴን እያዩ «እግዜር ያጥናሽ» ብለውኛል። እኔም አሜን ብዬዎታለሁ። ለምን እንደተላጨሁ ከዚህ ከተማ አንድ ምስክር ይጠራ ቢባል የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት። ባያውቁ ኖሮ ይቅር እልዎ ነበር፤ አላዋቂ በዝቷል፣ ለሁሉም ይቅርታ ይደርሳል። እርስዎ ግን አይተው፣ አልቅሰው፣ ጠግበው ሄደው ነው የፈረሙት።

ለምን እንደፈረሙም አይጠፋኝም። ሚስቲቱ ዕፅ ለመደበቅ ከተላጨች ባልየውም በዚያው ነው የሞተ ይባላል፤ ባልየው ሱሰኛ ከሆነ ደግሞ የጉዞ ፕሮግራሙ ንጹሕ ነው፣ የበላይዎም በሰላም ያድራሉ። እየተባለም ነው። ልጃችን ሔራን ከትምህርት ቤት መጥታ አባቷ ምን ይወስድ እንደነበር ጠየቀችኝ፤ ልጆቹ ጠይቀዋት ነው። መራራ ሻይ አልኋት። አላመነችኝም። ክቡር ሆይ፣ ሥራዬን ቢወስዱ ካርቶን የሚዘጋበት ቤት ሌላም አለ፤ ልጄ በአባቷ እንድትጠራጠር ያደረጉበትን ነገር ግን የትም ሄጄ ልተካው አልችልም። ለዚህ እጠላዎታለሁ፤ በደብዳቤ ወግ ሌላ ቃል ብፈልግለት አጣሁ።

እንዲህም ሆኖ ትብብር አልነፍግዎትም። የሚፈልጉት ጸጉር አልጠፋም። የአገኘሁ አስከሬን ከማክሰኝት የመጣ ዕለት ስላጭ፣ እናቴ ጉንጉኖቼን ሰብስባ በነጠላዬ ጥለት ቋጥራ፣ ብቻውን አይሂድ ብላ ከሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ከእግሩ ሥር አኑራዋለች። ከትከሻዬ በታች ይወርድ ስለነበር የያዘው ታሪክ የሦስት ወር ብቻ አይደለም፤ ከእሱ ጋር የኖርሁባቸውን የመጨረሻ ዓመታት እንዳለ ይዟል። መቃብሩ ከሐሙሲት ገባ ብሎ በተወለደበት አጥቢያ ነው። መኪና አለዎት፣ ዶማ ከመንደሩ ይገኛል፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለደብሩ አለቃ ይጻፉ፤ ይህ ለእርስዎ አይከብድም። ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሰጪ ሆኜ የምፈርመው እኔ ነኝ።

አደራ የምልዎ ሣጥኑን ከከፈቱ አይቀር የእሱንም ጸጉር እንዲወስዱልኝ ነው። ከቆዳው አስጠግተው ይቁረጡ፣ በስትሪፕም፣ በትልቁ መሣሪያም፣ በፈለጉት ይመርምሩት። ረዳት ሾፌር ስጡኝ ብሎ የለመነበት ወር፣ በጥናት ላይ ነው ያሉበት ወር፣ የሞተበትም ወር ሁሉም እዚያው ጸጉር ላይ ናቸው። ካላረፈ ሰው ጸጉር በቀር ሌላ ነገር ከተገኘበት ማስታወቂያዎን በቤቴ በር ላይ በእጄ እለጥፈዋለሁ፤ ካልተገኘበት ግን ውጤቱን በዚያው ሰሌዳ፣ በዚያው ትልቅ ፊደል፣ ልጄ ቆማ ልታነብበው በምትችልበት ከፍታ ላይ ይለጥፉልኝ።

ራሴን በጥቁር ሻሽ ሸፍኜ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ስለ እኔ ያጠፉትን ውድ ጊዜ ፈጣሪ በሌላ ሰው ሽንት እንዲክስዎ እየተመኘሁ፣ ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ሰገነት መርስዔ ኀዘን
የሾፌር አገኘሁ ባለቤት
ባሕር ዳር

ሳልረሳው፦ ለቅሶ የደረሱን ዕለት ለሐዘናችን ክብር ብለው አውልቀው ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ የሰቀሉት ቡናማ ባርኔጣ እስካሁን እኛ ቤት ነው። አቧራውን ሳራግፍልዎ በውስጡ ጥቂት ጸጉሮች ተጣብቀው አየሁ፤ ከቀረልዎ ላይ የጎደሉ ስለሆኑ ይፈልጓቸው ይሆናል ብዬ እንዳሉ ትቻቸዋለሁ። በመጡ ጊዜ ይውሰዱት፤ ላቦራቶሪ አልላክሁትም። ለቅሶ የደረሰን ሰው ጸጉር መመርመር በእኛ ቤት ነውር ነው።